ከጥምቀት ወደ ቡና፦ ወደ ኋላ የሚነገር የአስቂኝ ድራማ ክፍል አሠራር

ወደ ኋላ የሚነገር ክፍል ማለት የመጨረሻው ትዕይንት መክፈቻ፣ የመጀመሪያው ትዕይንት ደግሞ መዝጊያ የሚሆንበት ክፍል ነው። በየትዕይንቱ ውስጥ ጊዜው እንደ ወትሮው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሰው ወደ ኋላ አይራመድም፣ ቡናም ከሲኒ ወደ ጀበና አይመለስም። የሚገለበጠው የትዕይንቶቹ ተራ ብቻ ነው። ከምልሰትም ይለያል። በምልሰት አንድ ገጸ ባሕርይ ያለፈውን ያስታውስና ታሪኩ ወደ አሁን ይመለሳል። እዚህ ግን ከገጸ ባሕርያቱ መካከል የሚያስታውስ የለም፤ የሚያስታውሰው ተመልካቹ ነው።

በሲትኮም (በተከታታይ አስቂኝ ድራማ) ታሪክ በዚህ አወራረድ በጣም የሚታወቀው ሳይንፌልድ በተባለው የአሜሪካ ድራማ ዘጠነኛ ምዕራፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1997 የተላለፈው «ክህደት» የተባለ ክፍል ነው። ሕንድ ውስጥ በሚደረግ ሠርግ ዙሪያ የተሠራ ሲሆን አወራረዱንም ስሙንም የወሰደው ከእንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ከሃሮልድ ፒንተር የ1978 ተውኔት ነው። ባለውለታቸውን አልደበቁም፤ ሙሽራውን ፒንተር ብለውታል። ተውኔቱ የሚያሳዝን፣ ድራማው የሚያስቅ መሆኑ ግን ልብ ይባል። አወራረዱ በራሱ አያስቅም። የሚያስቀው በውስጡ የሚቀመጠው ነገር ነው።

እኛስ ምን እናስቀምጥበት? መልሴ አጭር ነው፦ ይሉኝታን። በአማርኛ አስቂኝ ድራማ ውስጥ ጥሩ ሳቅ በአብዛኛው ከይሉኝታ ይመነጫል። «ጠቦኛል» ማለት ያቃተው ሰው፣ «ጠግቤያለሁ» እያለ የሚራብ እንግዳ፣ ያበደረውን ለመጠየቅ የሚያፍር ጎረቤት። ታሪኩ ወደ ፊት ሲነገር ይሉኝታው መጀመሪያ ላይ ስለሚታይ ተመልካቹ እንደ ጨዋነት ቆጥሮ ያልፈዋል፤ መዘዙ ሲመጣ ረስቶታል። ወደ ኋላ ሲነገር ግን መዘዙን በሙሉ ካየ በኋላ ያቺን አንዲት የጨዋነት ቃል ይሰማታል። ቃሏ የምታስከፍለውን እሱ ያውቃል፤ ተናጋሪው አያውቅም። ምፀቱ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ያቺን ቃል ለማድረስ ነው።

ለማሳያ የሚሆን ታሪክ ጎንደር ላይ እንሥራ፤ ቦታው ከፒያሳ ብዙ የማይርቅ አንድ ግቢ፣ ጊዜው የጥምቀት ሰሞን።

ሥሩን ምረጡ፣ ታሪኩን ቀጥ አድርጋችሁ ጻፉ

ወደ ኋላ የሚነገርን ታሪክ ወደ ኋላ አስቦ ለመጻፍ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው ቀጥ አድርጋችሁ ጻፉት። መነሻው ትንሽ፣ ደግ እና በአንድ ቃል ሊታረም የሚችል ነገር ይሁን። ትልቅ ውሸት ለዚህ አይሆንም፤ ትልቅ ውሸት የዋሸ ሰው የደረሰበት ሁሉ ይገባዋል፣ ተመልካቹም ይፈርድበታል እንጂ አይስቅለትም።

ገጸ ባሕርያቱ አራት ናቸው። ጡረታ የወጡት ጋሼ ደምሴ፣ ባለቤታቸው እትዬ ውባለም፣ የእትዬ ውባለም የእህት ልጅ የሆነው ባለባጃጁ ሙላት፣ እና በግቢው አንድ ክፍል ተከራይታ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ሰናይት። ከግቢው ውጭ አንድ ጫማ ሰፊና ረዳቱ አሉ። ታሪኩ በትክክለኛ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል።

ጥር 9 ጠዋት፣ ቡና ላይ። ሙላት በባጃጅ ሥራው ካገኘው የመጀመሪያ ገንዘብ ለጋሼ ደምሴ የጥምቀት ጫማ ገዝቶ ይመጣል። የጋሼ እግር 42 ነው፤ ጫማው 40። «ልክዎ ነው ጋሼ?» ሲላቸው፣ ጣቶቻቸው እየተጣጠፉ «በልኬ የተሰፋ!» ይላሉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መራመድ ሲያቅታቸው በድብቅ ፒያሳ ወርደው ጫማው እንዲሰፋላቸው ለጫማ ሰፊው ይሰጣሉ። እሱም የላስቲክ ነጠላ ጫማ ያውሳቸዋል። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ እትዬ ውባለም እንዳይጠይቋቸው ነጠላ ጫማውን አጥሩ ሥር ሲደብቁ ሰናይት በባዶ እግራቸው ታገኛቸዋለች። የሚሉት ሲያጡ «ስዕለት ነው፤ ጥምቀትን በባዶ እግሬ ልወርድ ተስያለሁ» ይላሉ።

ጥር 10 ማለዳ ወሬው ግቢውን ሞልቶታል። «ስዕለቱ ለምን ይሆን?» ሲባሉ ዓይናቸው ሙላት ላይ ያርፋል፦ «ለዚህ ልጅ ነው። ባጃጁን ጭረት እንዳይነካው።» ሙላት ጉልበታቸውን ይስማል። ጎረቤቶቹ ደግሞ ባዶ እጅ ስዕለት አይደርስም ብለው ለደብሩ የሚሰጥ ዘርፋም ጃንጥላ ለመግዛት መዋጮ ይጀምራሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሙላት በፒያሳ ሲያልፍ የገዛውን ጫማ ከሚሸጡት መካከል ተደርድሮ ያየዋል። ጫማ ሰፊው የለም፤ ረዳቱም የአደራ ዕቃ መሆኑን አያውቅም። ሙላት «ሸጠውት ነው ባዶ እግራቸውን የሆኑት!» ብሎ የራሱን ስጦታ በራሱ ገንዘብ ዳግመኛ ይገዛል። ቀትር ላይ ጋሼ ደምሴ ጫማቸውን ሊወስዱ ሲመጡ መደርደሪያው ባዶ ነው። ጫማ ሰፊው ተጨንቆ ነገ ያሉበት ድረስ ምትክ እንደሚያመጣ ይምላል።

ጥር 11 ጠዋት፣ በአፄ ፋሲል መዋኛ። ጋሼ ደምሴ በአዲስ ነጭ ልብስና በባዶ እግር፣ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ያልተነሣለት ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። የግቢው ሴቶች እልል ይሉላቸዋል። ሙላት፣ እግሩ 43 ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ 40 ቁጥር ጫማ አድርጎ ያነክሳል፤ ከጋሼም ጋር አይነጋገርም። ጫማ ሰፊው ሕዝቡን እየሰነጠቀ ይደርስና ሁለት ጫማ ያስረክባቸዋል። ሁለቱም የግራ ናቸው።

ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ ሰንሰለቱን ፈትሹ። እያንዳንዱ ትዕይንት ከፊተኛው የመጣው «ስለዚህ» በሚል ማያያዣ ነው ወይስ «ከዚያ» በሚል? «ስለዚህ» የሚለው የማይገባበት ቦታ ካለ ታሪኩ ሲገለበጥ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ወደ ፊት በሚሄድ ታሪክ ተመልካቹ አንድ የላላ መጋጠሚያ ይምራል፤ ወደ ኋላ በሚሄደው ግን ምክንያት ከመፈለግ ሌላ ሥራ የለውምና አይምርም። ረዳቱ ጫማውን የሚሸጠው ባለማወቅ መሆኑን አንድ ዓረፍተ ነገር ካላስረዳ፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ «ለምን ሸጠው?» እያለ የሚቀጥለውን ትዕይንት ሳያይ ያልፋል።

ለትዕይንቶቹ ስም አውጡላቸው

ሰባት ትዕይንት አለን። በቁጥር ብቻ ከጠራችኋቸው «አንደኛው» የትኛው እንደሆነ ክርክር ይነሣል፤ በታሪኩ አንደኛው በስክሪን ሰባተኛው ነውና። ፊደል ይሻላል የሚሉ አሉ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። ወረቀት ላይ ያምራል። ቀረጻ ቦታ ላይ ግን ዳይሬክተሩ «ትዕይንት ሀ!» ብሎ ሲጮህ ግማሹ ሠራተኛ ወደ ሀሌታው ሀ፣ ግማሹ ወደ ሐመሩ ሐ ይሮጣል፤ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ በስም ጥሯቸው፦ ቡናው፣ አደራው፣ በሩ፣ መዋጮው፣ ግዢው፣ ባዶው መደርደሪያ፣ ጥምቀቱ። በድርሰቱ ላይ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሁለት ቁጥር ይጻፍ፤ አንዱ በታሪኩ ያለው ተራ፣ ሌላው በስክሪን የሚታይበት።

ገልብጡትና ጥያቄዎቹን ቁጠሩ

አሁን ወረቀቶቹን ገልብጡ። ወዲያው የምታስተውሉት፣ ልብ ሰቀላው ዓይነቱን መቀየሩን ነው። «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» ይል የነበረው ተመልካች «እዚህ እንዴት ተደረሰ?» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ መክፈቻው ትዕይንት ጥያቄዎች መዝራት አለበት። ጥምቀቱ አራት ይዘራል፦ ሰውዬው ለምን በባዶ እግር ናቸው? ጃንጥላው ከየት መጣ? ወጣቱ ለምን አኮረፈ፣ ለምንስ ያነክሳል? ጫማ ሰፊው ምን አጥፍቶ ነው ይቅርታ የሚለምነው? ከአራት በላይ አትዝሩ፤ አምስተኛው ይረሳል፣ የተረሳ ጥያቄ ሲመለስም አያስቅም።

ከዚያ በኋላ ሕጉ አንድ ነው። እያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ጥያቄ ይመልስ፣ በምትኩም አንድ ይክፈት። ባዶው መደርደሪያ የጫማ ሰፊውን ልመና ያስረዳል፤ ግን ጫማውን ማን ወሰደው የሚል ያስከትላል። ግዢው ወሳጁ ሙላት መሆኑን፣ ኩርፊያውም ከዚያ እንደመጣ ይነግረናል፤ ግን ጋሼ ደምሴ ጫማቸውን እዚያ ምን አስቀመጣቸው? ደግሞስ ሙላት «ለእኔ ተስለው!» እያለ የሚቆጨው ስለ ምንድን ነው? መዋጮው ጃንጥላውንና ስዕለቱን ይገልጣል፤ ስዕለቱ ግን እውነተኛ ነው? በሩ፣ አይደለም ይላል፤ ታዲያ በባዶ እግር የሄዱት ለምንድን ነው? አደራው ጫማው መጥበቡን ያሳያል። አሁን የቀረችው አንዲት ጥያቄ ናት፦ ከጠበበ ለምን አልተናገሩም? ለእሷ መልሱ ቡናው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ የሚቸኩልበት ቦታ አለ። ንግር በተለመደው ታሪክ ወደፊት የሚመጣውን ቀድሞ የሚጠቁም ምልክት ነው። በተገለበጠው ክፍል ውስጥ ያው ምልክት የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ያየነውን ነገር መነሻ ያሳየናል። በጥምቀቱ ላይ የጃንጥላው ዋጋ በግልጽ ካልታየ፣ በመዋጮው ላይ ሴቶቹ ብር ሲቆጥሩ የሚያስቅ ነገር አይኖርም። እያንዳንዱን ቀልድ ሁለት ጊዜ መትከል አለባችሁ፤ መጀመሪያ ፍሬውን፣ ቆይቶ ዘሩን። ፍሬው ሲታይ ግራ ያጋባ፣ ዘሩ ሲታይ ያስቅ።

ንግግሩን እንደገና ጻፉ

ቀጥ ብሎ የተጻፈው ንግግር ሲገለበጥ እንዳለ አይሠራም። መጀመሪያ የሚወጣው ማብራሪያው ነው። ጋሼ ደምሴ በባዶው መደርደሪያ ላይ «ትናንት እንዲሰፋልኝ የሰጠሁህ ጫማ» ካሉ አደራው ትዕይንት ሞተ። «ዕቃዬስ?» ይበሉ፣ ይበቃል። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉንም ስለሚያውቁ አያብራሩም፤ ይህ ለእናንተ ትልቅ ስጦታ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የአክብሮት ቋንቋውን ተጠቀሙበት። በቡናው ላይ ሙላት ጋሼን አንቱ እያለ፣ ዓይናቸውን እያየ ይናገራል። በጥምቀቱ ላይ ደግሞ እርሳቸው አጠገቡ ቆመው ሳለ በእትዬ ውባለም በኩል ይልክባቸዋል፦ «ንገሪያቸው እትዬ፤ ጫማው ተመችቶኛል በያቸው።» ይህን እያለ ያነክሳል። ተመልካቹ ኩርፊያው የቱን ያህል እንደሆነ ከዚህ ያውቃል፤ «ተጣልተናል» ብሎ መናገር አያስፈልግም። ክፍሉ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር አክብሮቱ እየተመለሰ፣ ድምፁም እየለሰለሰ ይመጣል። ተዋናዩ ይህን ደረጃ በደረጃ እንዲሠራ በቅድሚያ ንገሩት፤ ካልሆነ በሰባቱም ትዕይንት በአንድ ቁጣ ይጫወታል።

ሦስተኛው ተደጋጋሚው ቃል ነው። «በልኬ የተሰፋ» የክፍሉ መዝጊያ ስለሆነ፣ መዝጊያው ላይ ከመሰማቱ በፊት ጆሮ ውስጥ መግባት አለበት። በባዶው መደርደሪያ ላይ ጫማ ሰፊው «በልክዎ የተሰፋ የመሰለ አገኝልዎታለሁ» ሲል ጋሼ ደምሴ ያለምክንያት ይቆጣሉ፦ «ይህን ቃል ዳግመኛ እንዳልሰማው!» ተመልካቹ ይስቃል፣ ግን ለምን እንደሆነ አያውቅም። በመዋጮው ላይ አንዲት ጎረቤት ስዕለቱን «በልክዎ ነው የተሳሉት» ብላ ታደንቃለች፤ እርሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ከዚያ ወዲያ ቃሉን አትንኩት። በበሩና በአደራው ላይ ከተደገመ መዝጊያው ላይ ሲደርስ ደክሞ ይደርሳል።

ጊዜውን ሳትናገሩ አሳዩ

በየትዕይንቱ መግቢያ «ከሦስት ሰዓት በፊት» የሚል ጽሑፍ ማውጣት የተለመደ ነው፤ አድርጉት፣ አጭርም ይሁን። ግን አብዛኛው ተመልካች ቴሌቪዥኑን የሚያየው ቡና እየተፈላ፣ ሰው እየገባና እየወጣ ነው፤ ጽሑፉ ሊያልፈው ይችላል። ጥምቀትን የመረጥሁትም ለዚህ ነው። ለጎንደር ሰው፣ ለአብዛኛው የአገሩ ተመልካችም፣ በዓሉ ራሱ ሰዓት ነው። ሕዝቡ ውኃው ዳር ካለ ጥር 11 ነው። ታቦታቱ ገና ሊወርዱ ዝግጅት ላይ ከሆኑ ከተራ ነው። ልብስ እየታጠበ፣ ግቢ እየተጠረገ ከሆነ ከዚያ በፊት ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባልበት አገር ስለሆነም የአዲስ ጫማ ነገር የቱን ያህል እንደሚከብድ ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም።

ይኸው ሰዓት ግን ካልተጠነቀቁለት ያጋልጣል። ጥር 10 የገሃድ ጾም ነው። መዋጮው ላይ ሴቶቹ ማለዳ ተሰብስበው ቁርስ ሲቀርብላቸው ካሳያችሁ፣ ቀልዱን ትቶ ስለ ጾሙ የሚያወራ ተመልካች ታተርፋላችሁ። ቡናውም ጥር 9 ላይ የተቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሃይማኖታዊውን ነገር በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። መሳቂያው የጋሼ ደምሴ ይሉኝታ እንጂ ስዕለቱ ወይም ታቦቱ አይደለም። ካሜራው ወደ ታቦት ዞሮ ሳቅ አይፈልግ። ጃንጥላውም መጨረሻው ለደብሩ ይሰጥ፤ ውሸት ሆኖ የጀመረው ስዕለት በጎረቤት መዋጮ እውነት ሆኖ መድረሱ ከቀልዱም የተሻለ ነው።

ቀረጻው

በስክሪን ወደ ኋላ ስለሚሄድ ቀረጻውም ወደ ኋላ መሄድ የለበትም። በቦታ ሰብስቡት። ቡናው፣ በሩና መዋጮው በአንድ ግቢ ናቸው፤ አደራው፣ ግዢውና ባዶው መደርደሪያ በአንድ ጫማ ሰፊ ቤት። የሚያስቸግረው ጥምቀቱ ነው። መዋኛው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ ይቆይና ለበዓሉ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፤ ውኃውን ካጣችሁ ዓመት ትጠብቃላችሁ። በዓሉ ዕለት ደግሞ በዚያ ሕዝብ መካከል ተዋናይ ማናገር አይሞከርም። ስለዚህ ሰፋፊዎቹን ምስሎች በበዓሉ ውሰዱ፤ ንግግር ያለባቸውን ቅርብ ምስሎች በሌላ ቀን በተመሳሳይ የድንጋይ ግንብ ሥር፣ በዚያው የጠዋት 3 ሰዓት ብርሃን ቅረጹ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈሩት የጎንደር ቅርሶች አንዱ ስለሆነ ፈቃዱን ቀደም ብላችሁ ጨርሱ። የተቀሩትንም ክረምት ሳይገባ ያዙ፤ ጥር ላይ ቢጫ የነበረ ሣር በሐምሌ አረንጓዴ ሆኖ ይጋፈጣችኋል።

ኮንቲኒዩቲ የሚይዘው ሰው፣ ማለትም ልብሱና ዕቃው ከትዕይንት ወደ ትዕይንት እንዳይፋለስ የሚቆጣጠረው፣ ሠንጠረዡን በታሪኩ ቅደም ተከተል ያዘጋጅ፤ በስክሪኑ ተራ ካዘጋጀው መሳሳቱ አይቀርም። ዋናው መዝገብ የጋሼ እግር ነው፦ ቡናው ላይ ንጹሕ፣ በሩ ላይ አቧራ የያዘ፣ ጥምቀቱ ላይ ተረከዙ የተሰነጠቀ። ጫማው ሁለት ጥንድ ያስፈልጋል፤ አንዱ አዲስ፣ ሌላው የሙላት እግር አንድ ሙሉ ጠዋት የታገለው።

ርዝመቱ 25 ደቂቃ ከሆነ እኩል አታካፍሉት። ተመልካቹ ምንም በማያውቅበት ጊዜ ረጅም ትዕይንት ይሰለቸዋል፣ ብዙ ሲያውቅ ግን እያንዳንዱ ዝምታ ያስቀዋል። ስለዚህ ጥምቀቱ 2 ደቂቃ፣ ባዶው መደርደሪያና ግዢው ሦስት ሦስት፣ መዋጮው፣ በሩና አደራው አራት አራት፣ ቡናው 5 ይሁን። ሙላት ጫማውን ከካርቶኑ ሲያወጣ፣ ጋሼ ደምሴ እግራቸውን ሲያስገቡ፣ እትዬ ውባለም «እንዴት ነው?» ብለው ሲያዩአቸው ካሜራው አይቸኩል።

ኤዲቲንጉ ሲያልቅ ድርሰቱን ላላነበበ ሰው አሳዩትና ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ቀጥ አድርጎ መተረክ ከቻለ ክፍሉ ተሳክቷል። «ጫማውን ማን ሸጠው?» ብሎ ከቆመ ወደ ግዢው ተመለሱና የረዳቱን ዓረፍተ ነገር አስተካክሉ፤ በጽሑፍ ማብራሪያ ለመጠገን ግን አትሞክሩ።

በተከታታይ ድራማ ውስጥ ከሆነ አንድ ሥራ ይቀራል። ይህ ክፍል ያለቀው ሁሉም በሚዋደዱበት ቡና ላይ ስለሆነ ተመልካቹ ዕርቅ የወረደ ይመስለዋል፤ በታሪኩ ግን ሙላት አሁንም አኩርፏል። የሚቀጥለው ክፍል ከጥር 12 ይጀምርና በመጀመሪያው ደቂቃ ሙላት ጫማውን መልሶ ጋሼ ደምሴ ፊት ያስቀምጥ። «ጠበበህ?» ይበሉት። «ኧረ በልኬ ነው» ይበል፤ ከዚያ ወደ አዲሱ ታሪክ ግቡ።